ያልተሰበረችው ዋንጫ

የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ በቦቃ ከተማ ዳርቻ ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ዳመነች ከግቢያቸው ቁጭ ብለው ጭቃ ያቦካሉ፤ የባለቤታቸውን የሎምበሶን ሰባተኛ ሙት ዓመት የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ አቶ ደግፌ ወልደየስ፣ ነጭ ሱሪ ለብሰው ፊታቸው ቆመዋል።

ዳመነች፦ አልሰጥም አልኩህ እኮ። የሸክላ ዋንጫዋ ከቤቴ አትወጣም።

ደግፌ፦ እማማ ዳመነች፣ ለአንድ ቀን ብቻ! በመስታወት ሣጥን አስቀምጠን፣ ሰው አይቷት፣ ማታውኑ እመልሳለሁ። በዓሉ ነገ ነው። የዞኑ እንግዶች «ጋሽ ሎምበሶ የታገሉባት ዋንጫ የታለች?» ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ዳመነች፦ ሚስቱ ክፉ ናት በላቸው። ይልቅ ቁጭ በል።

ደግፌ፦ አይ፣ ቆሜ ይሻለኛል። ሱሪው ነጭ ስለሆነ ነው።

ዳመነች፦ ነጭ ሱሪ ለብሶ ሸክላ ሠሪ ቤት መምጣት! አስበህበት ነው የለበስከው።

ደግፌ፦ ኧረ በጊዮርጊስ! እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነኝ? የመታሰቢያውን ጽሑፍ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ይስሙኝማ። «የእኩልነት አባት፣ ታላቁ ታጋይ ሎምበሶ...»

ዳመነች፦ በሕይወት ሳለ «ጭቃ አቡኪው» ነበር የምትሉት። ሞት ደግ ነው፣ ይሾማል።

ደግፌ፦ «...በ1966 ዓ.ም. የቦቃ ሕዝብ በጥንታዊ ፍቅሩ ከጎናቸው ቆሞ...»

ዳመነች፦ የት ቆሞ?

ደግፌ፦ ጎናቸው።

ዳመነች፦ እኔ የማስታውሰው አጥሩን ተደግፎ ሲስቅ ነው። ቀጥል።

ደግፌ፦ «...በዚህም ሂደት አንዳንድ ዋንጫዎች ተሰብረዋል።»

ዳመነች፦ ራሳቸው ነው የተሰበሩት?

ደግፌ፦ ያው... አገላለጽ ነው።

ዳመነች፦ እንግዲያው አሳምረህ ግለጸው። ሰባት ዋንጫ በሰባት ቅዳሜ ኑሮ መሮት ራሱን ከድንጋይ ጋር አጋጨ በል! ልጄ፣ የሰበሩት አባትህ ናቸው። ጥቅምት 3 ቀን፣ ገበያው ሞልቶ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ። እኛ ሸክላ ሠሪዎች ከጠላ ቤታችሁ አጥር ሥር ተኮልኩለን በስባሪ ቅል ነበር የሚቀዳልን። ሎምበሶ ብድግ አለ፣ ገባ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና «እንደ ሰው በዋንጫ ይቀዳልኝ» አለ።

ደግፌ፦ አባቴም ቀዱላቸው! እሱን ጽፌዋለሁ።

ዳመነች፦ ቀዱለት። ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ወጣ። አባትህ ዋንጫዋን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ፈጠፈጧት። እሱንስ ጽፈኸዋል?

ደግፌ፦ ወረቀቱ አልበቃኝም።

ዳመነች፦ ወረቀት ለእኛ መቼ በቅቶ ያውቃል።

ደግፌ፦ ግን እማማ፣ ያን ድፍረት ከየት አመጡት?

ዳመነች፦ ከጋዜጣ። አንድ አስተማሪ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጠጪው ጋዜጣ የሚያነብ። «ባሕር ማዶ ጥቁሮች ከነጮች ምግብ ቤት ገብተው፣ ካላስተናገዳችሁን አንነሣም ብለው ተቀመጡ» ብሎ ሲያነብ ጠጪው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አባትህማ እንባቸው መጣ። ሎምበሶ ከአጥሩ ሥር ሆኖ «የእነሱስ እሺ፣ ቀለማቸው ተለያየ። እኔና ወልደየስ በምን ተለየን?» አለ።

ደግፌ፦ ሰውስ ምን አለ?

ዳመነች፦ ለጥቁሮቹ ማዘኑን ቀጠለ።

ደግፌ፦ እርስዎ ደግሞ ቂም አይለቅዎትም። ጋሽ ሎምበሶ እኮ ቂም አልያዙም። አባቴ በ1988 ሲያርፉ መጥተው አልቅሰዋል።

ዳመነች፦ መጥቷል። ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ነው ያለቀሰው። ዝናብ ነበር። እንባውን ከዝናቡ የለየለት ሰው የለም።

ደግፌ፦ ያ ሁሉ አልፏል። ነገ ይመጡና ያያሉ፤ አንድ ድንኳን፣ አንድ ሕዝብ! አጥንት መቁጠር ቀርቷል። መጠጫውን እንኳ ለሁሉም እኩል አድርገናል።

ዳመነች፦ ምን ዓይነት መጠጫ?

ደግፌ፦ የላስቲክ ኩባያ። ሁለት ሺህ አስመጥተናል። አንዴ ተጠጥቶበት ይጣላል።

ዳመነች፦ ማን ሲጠጣበት ነው የሚጣለው?

ደግፌ፦ ማንም! እኩልነት ነው። ለጤናም ጥሩ ነው።

ዳመነች፦ አይ ብልሃት! ድሮ እኛ የጠጣንበት ይሰበር ነበር። ዛሬ እኛ እንዳይከፋን የሁሉም ይጣላል። አልሸሹም፣ ዞር አሉ። የዞኑ እንግዶችስ በላስቲክ ነው የሚጠጡት?

ደግፌ፦ እነሱ... የክብር ጠረጴዛው ላይ ብርሌ ይኖራል።

ዳመነች፦ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ። እኔስ የት ነው የምቀመጠው?

ደግፌ፦ እርስዎማ ዋናዋ እንግዳ ነዎት! የክብር ጠረጴዛ ላይ ነዋ።

ዳመነች፦ ከፊቴ ያለው ብርሌ ነው ላስቲክ?

ደግፌ፦ እሱን... ኮሚቴው ገና አልተወያየበትም።

ዳመነች፦ ወጡስ በምን ይሠራል? በላስቲክ?

ደግፌ፦ በሸክላ ድስት ነው እንጂ! የብረት ድስት ወጥ ምን ጣዕም አለው?

ዳመነች፦ ድስቶቹን ማን ሠራቸው?

ደግፌ፦ እርስዎ።

ዳመነች፦ በእነዚህ እጆቼ፣ ውስጣቸውን ሳይቀር እየዳበስኩ። የእጄን ትበላላችሁ፤ አፌ ዋንጫ ሲነካ ግን ከተማው በሙሉ ይታመማል።

ደግፌ፦ እሺ፣ ምን ላድርግ? ሸክላ ሠሪው ሁሉ «እሷ ካልመጣች አንመጣም» ብሏል። ያለ እናንተ ምን መታሰቢያ አለው? ባዶ ድንኳን ውስጥ ስለ እኩልነት ልናገር?

ዳመነች፦ እስከ ዛሬስ የት ስትናገር ኖርክ? ስማኝ። ይቻትልህ ዋንጫዋ። ውሃ ነው፣ አሁን የቀዳሁት። ይኸው፣ እኔ ጠጣሁ። እንካ ያዛት። የቀረውን አንተ ጠጣ። ያን ጊዜ ዋንጫዋን ትወስዳለህ፣ እኔም ከነሰፈሬ እመጣለሁ። ላስቲኮችህን ችግኝ ታፈላባቸዋለህ።

ደግፌ፦ አሁን? እዚህ?

ዳመነች፦ መድረክ ይሠራልህ?

ደግፌ፦ እማማ፣ ጾም ላይ ነኝ።

ዳመነች፦ ቅዳሜ የምን ጾም? ሁዳዴ ገና ሁለት ሳምንት አለው።

ደግፌ፦ ጨጓራዬም...

ዳመነች፦ ውሃ ነው አልኩህ።

ደግፌ፦ እውነቱን ልንገርዎት? እኔ አላምንበትም። ቅንጣት ታህል አላምንበትም። ግን እናቴ «እነሱ የጠጡበትን የጠጣ ሰው እየከሳ ይሄዳል፣ ዓመት አይደፍንም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ጭንቅላቴ ገብቶታል፤ ጉሮሮዬ ነው እምቢ ያለኝ።

ዳመነች፦ ተመስገን! ዛሬ የመጀመሪያውን እውነት ተናገርክ። ጽሑፍህ ላይ ማስፈር የነበረብህ እሱን ነበር።

ደግፌ፦ አይፍረዱብኝ። አባቴም እስኪሞቱ ድረስ ከዚህ ሰፈር ውሃ አልቀመሱም።

ዳመነች፦ ለመሆኑ ይቺ ዋንጫ ለምን ሳትሰበር እንደቀረች ታውቃለህ?

ደግፌ፦ ጽሑፉ ላይ «በአጋጣሚ» ብያለሁ።

ዳመነች፦ አጋጣሚ! ከዚያ ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ ሸክላ ሠሪ በሙሉ ተማክሮ ወደ ገበያ ዕቃ ማውጣት አቆመ። ድስት የለ፣ እንስራ የለ፣ ዋንጫ የለ። ልጆቻችን ጾማቸውን አደሩ፣ ግን አንዲት ዋንጫ አላወጣንም። ሎምበሶ በየቅዳሜው ገብቶ ይጠጣል፣ አባትህ ይሰብራሉ፤ የቀረውም በጠጪው እጅ እየተሰበረ አለቀ፣ የሚተካ የለም። ኅዳር 22፣ በስምንተኛው ቅዳሜ፣ ጠጪው ሁሉ እንደ እኛ በቅል ይጠጣ ነበር። የቀረችው ይቺ ብቻ ናት። ሎምበሶ ገባ፣ ጠጣባት። አባትህ አንሥተው እስከ ድንጋዩ ወሰዷት። ቆሙ። ከዚያ ተመለሱና ሰዉን አስወጥተው በሩን ዘጉ። እኔ ባሌን ልጠራ ገብቼ ነበር፤ ውስጥ የቀረነው ሦስታችን ነን።

ደግፌ፦ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ዳመነች፦ ማን ይንገርህ? ጠላ ቀዱባት። ከንፈሯን እንኳ አልጠረጉትም፣ ጠጡባት። «ልጆቼ እንዳይሰሙ» አሉና «ውሰዳት፣ እኔ ጋ አትደር» ብለው ለሎምበሶ ሰጡት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁላችንም አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ሰው «የፈቀዱላቸው ዕቃ ቢያልቅባቸው ነው» አለ። ሎምበሶ ቃሉን ጠብቆ እስኪሞት ዝም አለ። እኔ ግን ቃል አልገባሁም።

ደግፌ፦ አባቴ? በዚችው ዋንጫ?

ዳመነች፦ አሁን በያዝካት።

ደግፌ፦ ...ጠጥተው ምን ሆኑ?

ዳመነች፦ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሩ።