ከሰደፉ ላይ ያጠፋሁት ስርጉድ

መርሳ ከተማ ዕድሜዬን ሙሉ እንጨት ስጠርብ፣ ለጠመንጃ ካውያ ያነሳሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ደምሴ የሚባል የግራና ገበሬ የሟች አባቱን ጠመንጃ ታቅፎ መጣ። ከእጁ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወድቆ የእንጨት ሰደፉ ተሰርጉዷል፤ ጥጃ ውሃ ይጠጣበታል ስላችሁ እመኑኝ። «ጋሽ ሰይድ፣ ነገ የአባቴ አርባ ነው። ጠመንጃው ወጥቶ ሲለቀስበት አጎቶቼ ይሄን ካዩ፣ ‹በአባቱ መሣሪያ ድንጋይ ይፈነቅልበታል› ይሉኛል» አለኝ።

«ቁጭ በል» አልኩት። እርጥብ ጨርቅ ሰደፉ ላይ አነጠፍኩና የጋለ የከሰል ካውያ ተጫንኩበት። እንጨት እንፋሎት ሲጠጣ ያብጣል፤ የተሰረጎደውም ይነሳል። ይሄኛው ግን አልነሳ አለኝ። እልህ ያዘኝ፤ እንፋሎቱ ጎረቤት ከተማ ሲሪንቃ ላይ ደመና እስኪሆን ደጋገምኩት። ሲነሳልኝ ደግሞ ማቆም አቃተኝና ሰደፉ ላይ ያገኘሁትን ስርጉድ ሁሉ አጠፋሁት።

በማግስቱ እኔም በተገኘሁበት ለቅሶ ላይ እናቱ ጠመንጃውን ታቅፈው እያለቀሱ ሰደፉን ሲዳብሱ ድንገት ሙሾውን አቋረጡ። «ይሄ የአባትህ አይደለም። የእሱ እዚህ ላይ በሬ የረገጠው ስርጉድ ነበረው። የት አደረስከው?» አሉት ልጃቸውን። አጎቶቹ «ሸጦታል» ብለው ተነሱ። እኔ ቀደምኳቸው። ድንጋይ አንስቼ «ወይዘሮ አበቡ፣ በየት በኩል ነበር?» አልኳቸው። በጣታቸው አሳዩኝ፤ መታሁት። ዳበሱት። «ትንሽ ጠለቅ ይል ነበር» አሉኝ። ደገምኩት። ያኔ ጣታቸውን እዚያው ላይ አሳርፈው ሙሾውን ካቆሙበት ቀጠሉ።