በቀዝቃዛ ሞተር የተሸጠች መኪና

ጋሽ ፍሬን መኪናቸውን በባልዲ ውሃ ሲያርሷት የእህታቸው ልጅ በዚያ በኩል ባታልፍ ኖሮ፣ ይህ ታሪክ በሌላ ጠብ ባለቀ ነበር። ልጅቱ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ የአጎቷ ግቢ በር ገርበብ ብሎ አየችና ሰላም ልትል አንገቷን አስገባች። አጎቷ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ስልካቸውን ባንድ እጅ፣ ባልዲውን በሌላው ይዘው በመኪናዋ ዙሪያ ጉድ ጉድ ይላሉ። ሞተሩም ተነሥቶ ያጓራል።

ጋሽ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን መንዳት ሲያስተምሩ ኖረዋል። የከተማው ግማሽ መሪ መጨበጥ የተማረው ከሳቸው ጎን ተቀምጦ ነው። «ፍሬን! ፍሬን ያዝ ብዬህ!» ሲሉ ተማሪው ቀርቶ መንገደኛውም ባለበት ቀጥ ይል ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ማስተማሩን ተዉ፤ መኪናዋንም ዘመኑ ባመጣው መንገድ፣ በኢንተርኔት ጨረታ ሊሸጧት ተነሡ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሻጩ ፎቶና መግለጫ ያወጣል፣ ፈላጊዎች ዋጋ እየጨመሩ ይፎካከራሉ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ከፍ ያለውን ዋጋ የሰጠው ይወስዳል። የሚያከብደው ሰው ነው።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ? በዚህ ሰዓት መኪና ማጠብ ምን አመጣው?»

«ነይ ግቢ የኔ እናት፣ በደግ ሰዓት መጣሽ። ማጠቤ አይደለም፣ ፎቶ ላነሣት ነው። ዘዴውን የነገረኝ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው፤ ባልዲውም የሱ ነው። መኪና እርጥብ ስትሆን ጭረቷ ፎቶ ላይ አይታይም። ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ትመስላለች።»

«ሞተሩንስ ለምን አስነሡት?»

ጋሽ ፍሬን ከኋላ ወዳለው የጢስ ማውጫ በዓይናቸው ጨረፍ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዲሞቅ ነዋ» አሉ። «ጠዋት ስትነሣ ትንሽ ታጨሳለች። ከሞቀች በኋላ ምንም የላትም። ቪዲዮም ይፈልጋሉ አሉኝ፤ አሙቄ ላነሣ ነው።»

ልጅቱ የጢስ ማውጫውን ትክ ብላ አየችው። አስተያየቷ ጋሽ ፍሬንን አላማራቸውም፤ ምክንያቱም ባለፈው የሆነውን ሁለቱም ያውቁታል። ይህችው መኪና አንድ ጊዜ በጨረታ ተሽጣ ነበር። ያሸነፈው ፋርማሲስት መጥቶ ነዳት፣ ወደዳት፣ ወሰዳት። በማግስቱ ጠዋት ግን በራሱ ግቢ ሲያስነሣት ጢሱ ቤቱን ሞላው። መኪናዋን መልሶ አምጥቶ ገንዘቤን አለ። እሳቸውም አልመልስም አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰበሰብ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ገንዘቡን መልሰው ተገላገሉ ሲባል፣ ሰውዬው በጨረታው ድረ ገጽ፣ በስማቸው ሥር፣ ማንም በሚያየው ቦታ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ሞተሩን አሙቀው ሸጡልኝ። አስተማሪ ነኝ ይላሉ፤ እኔን ያስተማሩኝ ግን ሰው አለማመንን ነው።»

ለጋሽ ፍሬን የመኪናዋ መሸጥ አለመሸጥ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ነገር ሆኗል። እንቅልፍ የነሣቸው ያ ጽሑፍ ነው።

«ይልቅ አንድ ነገር ልለምንሽ» አሉና ስልካቸውን ዘረጉላት። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሥራሽም የገዢና የሻጭ ቅሬታ መስማት ነው። ይህን ነገር አጥፊልኝ። ተማሪዎቼ ሁሉ እያነበቡት ነው። ዳቦ ቤት አንዱ አየኝና ፊቱን አዞረ፤ መሪ ያስጨበጥኩት ልጅ። የድረ ገጹ ሰዎች ደግሞ ሁለተኛ ቅሬታ ከመጣ ከገበያው እናስወጣዎታለን ብለውኛል።»

«ጋሼ፣ እኔ ላጠፋው አልችልም። የጻፈው ሰው ካላነሣው በቀር አይጠፋም። ከሥሩ መልስ መስጠት ግን ይችላሉ።»

«መልስ? ምን ብዬ? ሰውዬው ዓይን አለው፣ እጅ አለው። መጥቶ አይቷል፣ ወዶ ወስዷል። ሻጭ ዕቃውን ያሳምራል፣ ገዢ ይመረምራል፤ ገበያ ማለት ይኸው ነው። አባቴም እንዲህ ነው የሸጠው። የራሱን ዕቃ ነውር አደባባይ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ንግግሩ የጋሽ ፍሬን ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቻችን ስንሸጥ የምንናገረው፣ ስንገዛ ግን የምንረግመው ንግግር ነው። ልጅቱ ግን ተቆጥታ አልመለሰችላቸውም። ሞተሩን ለማጥፋት በዓይኗ ፈቃድ ጠየቀች፤ እሳቸውም እያጉረመረሙ አጠፉት። ግቢው ጸጥ አለ።

«አባትዎ ሲሸጡ ገዢው ዕቃውን አገላብጦ፣ ዳብሶ፣ ጎረቤት ጠይቆ ነበር የሚገዛው» አለች። «እዚህ ግን ሰው ሌላ ከተማ ተቀምጦ ነው የሚጫረተው። የሚያይበት ዓይን እርስዎ ያነሡት ፎቶ ነው። የሚዳብስበት እጅ እርስዎ የጻፉት መግለጫ ነው። መኪናዋን ካረጠቧት የሰውየውን ዓይን ሸፈኑት ማለት እኮ ነው።»

«ዋሽቻለሁ እንዴ? ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። አልጠየቀኝም።»

«እኔ የምሠራበት ክፍል ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ ጋሼ። ባንዱ ሻጮች፣ በሌላው ገዢዎች ይቀመጣሉ። ሻጩ ሁሉ አልጠየቀኝም ይላል፤ ገዢው ሁሉ አልነገረኝም ይላል። ሰዎቹ ይለዋወጣሉ እንጂ ቃሉ አይለወጥም። ለመሆኑ እርስዎ ለተማሪ ፍሬኗ የላላ መኪና ሰጥተውት ሲጋጭ አልጠየቅኸኝም ይሉታል?»

የጋሽ ፍሬን ቀኝ እግር ሳያስቡት መሬቱን ረገጠ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው፤ ሲደነግጡ የሌለ ፍሬን ይይዛሉ።

«እሱ ሌላ ነው» አሉ፣ ግን ድምፃቸው እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

«ገዢዎቹም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም» ብላ ቀጠለች። «መግለጫውን ሳያነቡ ይጫረታሉ። አንዳንዱ ደግሞ ሆን ብሎ በከፍተኛ ዋጋ ያሸንፍና በር ላይ ሲደርስ ይህ ተቧጥሯል፣ ያ ላልቷል እያለ ካልቀነሳችሁ ብሎ ይደርቃል። ይህን የሚያደርገው ግን የተደበቀ ነገር ሲያገኝ ነው። አስቀድመው ከነገሩት ምን ይዞ ይከራከራል? ቪዲዮውን አይተህ ነው የተጫረትከው ቢሉት አፉ ይያዛል። እንግዲህ መናገሩ የሚጠቅመው ገዢውን ብቻ እንዳይመስልዎት።»

ጋሽ ፍሬን ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ነገሩ አእምሯቸው ውስጥ መግባት ጀምሯል፤ ሆኖም እጅ መስጠት አልፈለጉም።

«ጢሷን እያየ ማን ይገዛታል?»

«እሷን የመሰለች የሚፈልግ። ሌላስ የደበቁት አለ?»

አዛውንቱ ጆሯቸው ሥር አከክ አከክ አደረጉ። ቀስ ብለው ተነሥተው የጎኑን በር ከፈቱ፤ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት የተነጠፈውን አዲስ ምንጣፍ ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ሁለተኛ ፍሬን ብቅ አለ፤ አስተማሪ ከጎን ሆኖ የሚይዘው፣ ብረቱ በጫማ ሶል ተልጎ ያበራል።

«ማስተማሪያ እንደነበረች ካወቁ፣ ፍሪሲዮኗን ስንት ጀማሪ እንደረገጠው ይገባቸዋል ብዬ ነው። በሯ ላይ የነበረውንም ጽሑፍ በቀለም አስጠፍቻለሁ።»

ልጅቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሳቸውም ላለመሳቅ ታገሉ፣ ግን አልሆነላቸውም።

«እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ካልተሸጠች ግን ላንቺ ናት። እስከ ዛሬ ፍሪሲዮን መልቀቅ ያልቻልሽ አንቺ ነሽ የምትነጃት።»

መኪናዋ በጨርቅ ደረቀች። በማግስቱ ልጅቱ ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት መጥታ፣ ሞተሩ እንደ ቀዘቀዘ ቪዲዮውን አነሣች። ጢሱ ግቢውን ሞላው፤ ጋሽ ፍሬንም በጢሱ መካከል ቆመው ተማሪ እንደሚያስተምሩ ማስረዳት ጀመሩ። «ይኸው ጢሷ። አይደንግጣችሁ። ጠብቁ፤ ቆየት ሲል ይጠፋል። ይህን ጭረት የጫረችው ዛሬ ሐኪም የሆነች ተማሪዬ ናት። ይህኛው ጥፋት የኔ ነው። ፍሪሲዮኗ ብዙ ሰው አስተምሯል፤ ለመለወጥ ተዘጋጁ። ይህ ደግሞ ሁለተኛ ፍሬኗ ነው፤ ይሠራል።»

የከበዳቸው ለፋርማሲስቱ መልስ መጻፍ ነበር። ልጅቱ ልጻፍልዎት ስትል እምቢ አሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ባንድ ጣት እየፈለጉ፣ እያጠፉ፣ ደግመው እየጀመሩ ጻፉት። «የጻፉት እውነት ነው። ሞተሩን ያሞቅሁት ሆነ ብዬ ነው። እንዳላምታታዎት ያስተማረኝ አልነበረም ልል ነበር፤ ግን ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ቀዝቃዛ ሞተሯን ከነጢሷ አሳይቻለሁ።» የመላኪያውን ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ ከላኩት በኋላ ግን ቁርስ በሉ፣ ያውም ሁለት ጊዜ።

ጨረታው ተከፈተ። በመጀመሪያ ተጫራቾች የሰጡት ዋጋ የሚያሳዝን ነበር። ጋሽ ፍሬን ጠዋትና ማታ ስልኩን እያዩ «ይኸው፣ እውነት ይናገሩ ያልሽኝ ጉድ» እያሉ የእህታቸውን ልጅ ይወቅሱ ጀመር። ልብስ ሰፊውም ከመስኮቱ ሆኖ፣ ውሃውን ባትንቀው ኖሮ እያለ ያናድዳቸዋል። ልጅቱም በልቧ ሳትፈራ አልቀረችም።

የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱም በልብስ ሰፊው ቤት፣ በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ስልኩ መሐል ላይ ተቀምጧል። በድንገት አንድ ጥያቄ መጣ፦ ሁለተኛው ፍሬን ከዋናው ጋር በደንብ ተገናኝቷል ወይ የሚል። ጋሽ ፍሬን ስልኩን ነጥቀው ራሳቸው መለሱ። ጥቂት ቆይቶ ዋጋው ጨመረ። ወዲያው ሌላ ሰው ከላዩ ጨመረበት። የመጀመሪያው ደገመ፤ ሁለተኛው አልለቅም አለ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለ ልብስ ሰፊው፣ መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ።

ልጅቱ ገባት። «ሁለቱም ማስተማሪያ መኪና ነው የሚፈልጉት። ሁለተኛ ፍሬን ማስገጠም ውድ ነው፣ ጣጣውም ብዙ ነው። ጋሼ፣ ምንጣፉ ሥር የቀበሩት እኮ ይኸው ነው የሚፈለገው።»

ዋጋው ፋርማሲስቱ የሰጠውን አልፎ ሄደ። ጋሽ ፍሬን ደስታና ድንጋጤ ተቀላቀለባቸው፤ ቀኝ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ወለሉን ደጋግሞ ይረግጣል።

«ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱ» አለች ልጅቱ እየሳቀች። «ሰዎቹን ይተዉአቸው፣ ይሂዱ።»

ሰዓቱ አለቀ። ያሸነፈችው ለሴቶች የመንዳት ትምህርት ቤት ልትከፍት የተነሣች አንዲት ሴት ነበረች። መኪናዋን ልትረከብ ከወንድሟ ጋር በጠዋት መጣች። ጋሽ ፍሬን በር ላይ ቆመው ጠበቋት፤ ከሰላምታ በፊት ማለት ይቻላል፣ «እጅሽን ኮፈኗ ላይ አድርጊ ልጄ» አሏት። «ቀዝቃዛ ናት?»

«ቀዝቃዛ ናት።»

«እንግዲያው አስነሻት።»

ሞተሩ ተነሣ፣ ጢሱም ወጣ። ወንድምዬው የጠበቀው እንዲህ ያለ ሰበብ ነበር። እጁን እያወዛወዘ «ይቺማ ታጨሳለች አባቴ። በዚህ ዋጋማ አይሆንም፤ ከላዩ ይነሣልን እንጂ» አለ። የጋሽ ፍሬን ደም ፈላ፤ ያ የድሮው ጩኸታቸው ጉሮሯቸው ድረስ መጣ። ነገር ግን መጮህ እንደማያስፈልጋቸው ያን ጊዜ ታወቃቸው። የደበቁት የለም፤ የሚፈሩትም የለም።

«በቪዲዮው አሳይቻለሁ ልጄ» አሉት ረጋ ብለው።

«እኔም አይቻለሁ» አለች እህቱ፣ ከመሪው ሥር ሆና። «ያላየኸው አንተ ነህ። ሌላው ሻጭ ሁሉ መኪናዬ እንከን የላትም ይላል፤ ከዚያ ሁሉ ማንን ልመን? እሳቸው ግን ጢሱንም፣ ፍሪሲዮኑንም ነገሩኝ፤ አስቤበት ነው የተጫረትኩት። ደግሞ ለፋርማሲስቱ የሰጡትን መልስ አንብቤያለሁ። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሌላ የሚደብቀው ነገር አይኖረውም ብዬ ነው።» ጢሱም በነገሩ መካከል ጠፋ።

መኪናዋ ከሄደች በኋላ ጋሽ ፍሬን ባልዲውን ሊመልሱ ወደ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገቡ። የእህታቸው ልጅ ተከትላቸው ስትገባ፣ አጎቷ ቆመው ይሰብካሉ። ሻጭ ነውሩን ሲናገር ጠብ እንደማይነሣ፣ ገዢም ሳያነብ መጫረት፣ አሸንፎም በር ላይ መከራከር እንደሌለበት፣ ሰው ሳይገናኝ በሚገበያይበት ዘመን ፎቶና ጽሑፍ ቃል እንደ መስጠት መሆኑን፣ ቃሉ ከተጠበቀ ደግሞ ሰው እንቅልፉን ተኝቶ እንደሚያድር፣ ዕቃውም ለሚጠቅመው ሰው እንደሚደርስ አንድ በአንድ ያስረዳሉ። የሷን ንግግር አንድ ቃል ሳያጎድሉ፣ ከራሳቸው ያፈለቁት አስመስለው ነው። ልጅቱም አላቋረጠቻቸውም፤ ልብስ ሰፊው ሊሸጣት አስቦ ለፎቶ ያረጠባትን አሮጌ ብስክሌቱን በጨርቅ ማድረቅ ጀምሯልና።

ያን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። ዓይናቸው ስለደከመ ለልጅቱ ሰጧትና አነበበችላቸው። ፋርማሲስቱ ነበር፤ በመልሳቸው ሥር የጻፈው።

«ጽሑፌን ላነሣው ነበር። እሱን ባነሣ ግን መልስዎ አብሮ እንደሚጠፋ የድረ ገጹ ሰዎች ነገሩኝ። ይህን መልስ ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ካልፈቀዱ ግን አነሣዋለሁ።»

ጋሽ ፍሬን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ዓይናቸውንም ጠረጉ። ያ ጽሑፍ እንዲጠፋላቸው ስንት ቀን እንደለመኑ ልጅቱ ታውቃለች።

«እንዳይነካው በይው» አሉ።