ሐጂ የሚተረጉሙት ካርቱን
በገንዳ ውሃ ከተማ ባለው ቪዲዮ ቤታችን የካርቱን ፊልም የሚመጣው በዓረብኛ ነው፤ የሚተረጉሙልን ባለሱቁ ሐጂ ናቸው። የምንወደው ስቱዲዮ አዲስ ፊልም እየሠራ መሆኑን ከስልኬ አንብቤ፣ እንደ አዋቂ ተነሥቼ «በዚህኛው ሽማግሌው ዝሆን ይሞታል ተብሏል» አልኩ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣው ካሳ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ሐጂ እያሉ ማን ይሞታል?» እውነቱን ነው። ባለፈው ፊልም እናቲቱ ጦጣ ወድቃ አልነሣ ስትል፣ ልጇም ሲያለቅስባት፣ ሐጂ «ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ በእግሯ መጥታ ደክሟት ነው፤ ተኝታለች» ብለውን ተረጋግተን ወጥተናል።

እኔ ግን ለጥበብ ተቆርቋሪ ነኝና «ይህማ የሰው ሥራ ማበላሸት ነው!» አልኩ። ሐጂ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዲያው ይሙት ነው የምትለው፣ ልጄ?» አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። በጥሞና አሰብኩበት። «ኧረ እሱም ይተኛ» አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ስቱዲዮው ገና እየሠራ ነው አሉ፤ እኛስ መጨረሻውን ጨርሰናል።