አማቴ ምጽዋ ላይ ፎቅ የወጡ ዕለት

በእኛ ዘመን፣ ልጆቼ፣ እዚህ መቐለ አንገታችሁን አቅንታችሁ የምታዩት ቤት ቢኖር ያው ቤተ መንግሥቱ ነበር። እኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ጣልያንም አልወጣም። ባለቤቴ ሐጎስ ግንበኛ ነበርና ለሥራ ምጽዋ ከወረደ ዓመት ሞላው። ታዲያ አንድ ቀን የጭነት መኪና ሹፌር መጣና አማቴን፣ አደይ ምሕረትን፣ "ልጅዎ ከፎቅ ወድቆ እግሩ ተሰብሯል" አላቸው። እሳቸው፣ "ፎቅ የሚሉት ገደል ወዴት ነው?" አሉት። እውነቴን ነው፣ ገደል መስሏቸው ነው።

እና ሁለታችን በዚያው መኪና ጭነቱ ላይ ተቀምጠን ወረድን። ስንደርስ፣ ምን ልበላችሁ፣ ባሕሩ እዚህ፣ ሐጎስ ያለበት ቤት እዚያው ባሕሩ ዳር፣ ነጭ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ወደ ሰማይ የሄደ። ከታች ሱቅ ነው፣ ጨርቅ ይሸጥበታል፤ ከሱቁ በላይ ጽሕፈት ቤት፤ ከጽሕፈት ቤቱ በላይ ደግሞ ሰው ይኖርበታል፣ ልብስ አስጥቶበታል። አንድ ቤት እኮ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አማቴ ቀስ ብለው፣ "ይኼን ሰው ነው የሠራው?" አሉ።

ታዲያ የሱቁ ዘበኛ፣ የወሎ ሰው ነው፣ መሐመድ የሚባል፣ "ሐጎስን ሠራተኞቹ ተሸክመው እሚያድሩበት ላይኛው ክፍል አስተኝተውታል፣ መውረድ አይችልም፣ እናንተ ውጡ" አለን። አማቴ ደረጃውን አዩና፣ "እኔ በሰው ራስ ላይ አልሄድም፣ ነውር ነው" አሉ።

"እማማ፣ እነሱ እኮ አይሰማቸውም" ይላቸዋል።

"እነሱ ባይሰማቸው እግዜር ያያል" ይሉታል።

እና ከታች ሆነው "ሐጎስ፣ ወደይ፣ ልጄ" ብለው ተጣሩ። ከላይ "አደይ" የሚል ድምፅ መጣ፣ ቅጥን ያለ፣ ልክ እንደ ሕፃን። ይኼኔ ወገባቸውን በነጠላቸው ሸብ አደረጉና ደረጃውን በእጅም በጉልበትም እየዳሁ ይወጡት ጀመር፣ እኔ ከኋላ። በየበሩ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር፣ "ይቅር በሉኝ፣ ልጄ ጋ ነው፣ ይቅር በሉኝ" እያሉ ነው የወጡት፣ እስከ ላይ ድረስ።

ሐጎስ እግሩ በእንጨት ታስሮ መስኮት ሥር ተኝቷል። እያገላበጡ ሳሙት። እኔን ግን በእናቱ ፊት ምን ይበለኝ፣ "አንቺም መጣሽ?" አለኝ። "መጣሁ" አልኩት። ከዚያ አማቴ ቀና ሲሉ ባሕሩን በመስኮቱ አዩት፣ ከላይ፣ ዳርቻ የሌለው፣ መርከቡ እንደ እህል ፍሬ ትንሽ ሆኖ። ብዙ ቆሙ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱና፣ "ይኼን ያንተ እጅ ነው የለሰነው?" አሉት።

"አዎ አደይ፣ ከዚህ እስከዚያ የኔ ነው።"

"በል፣ መውደቅህን ይቅር ብዬሃለሁ" አሉት።

እግሩ እስኪሻለው አርባ ቀን ያህል እዚያው ላይ ኖርን። እኔ በየጠዋቱ መስኮቱን ስከፍት እንጨቱን አጥብቄ እይዝ ነበር፣ አንድም ቀን አልለመድኩትም። ኋላ ሐጎስን ይዘን ተመለስን፣ እያነከሰ።

ምን አልሽኝ አንቺ?

"ቤቱ አሁንም አለ ወይ ነው ያልኩት፣ አደይ ለተብርሃን።"

እኔ ምን አውቄ፣ ከዚያ ወዲህ ስንት ጦርነት አለፈበት። ሐጎስ ግን እስኪሞት "አለ" ነበር የሚለው። "ፈርሷል ይላሉ እኮ" ስለው፣ "የለሰንኩት እኔ ነኝ፣ የት ይሄዳል?" ይለኛል። (አደይ ለተብርሃን ሳቁ።)