በድልድዩ ላይ መሐሉን የያዙት አባ ፍሬን

ዳር ማለት አንድ ነገር አልቆ ሌላው ገና ያልጀመረበት ቀጭን ስፍራ ነው። የጠረጴዛ ዳር አለ፤ ብርጭቆ የሚወድቅበት ነው። የወንዝ ዳር አለ፤ ሰው ቆሞ የሚያስብበት ነው። የመንገድ ዳር ደግሞ አስፋልቱ የሚሸራረፍበት፣ የዝናብ ውሃ የሚተኛበት፣ ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪ የሚከማችበት ቦታ ሲሆን፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ እዚያው እንዲኖር ይመከራል። ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው ይህን ምክር ለብዙ ዓመታት ሲሰጡ ኖረው፣ የቀረውን ዕድሜያቸውን ምክሩን መልሶ ለመውሰድ ያዋሉ አሠልጣኝ ሹፌር ነበሩ። የሥራ ባልደረቦቻቸው አባ ፍሬን ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። እኔ የባለቤታቸው ወንድም ስሆን፣ ይህን ታሪክ ጽፌ እንዳነብ የታዘዝኩት በቤተሰቡ ውስጥ ሳይቸኩል የሚያነብ ሌላ ሰው ስላልተገኘ ነው።

አባ ፍሬን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከእህል ወፍጮ ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ወፍጮው ሲሠራ ግድግዳው ይንቀጠቀጥ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንሾካሾኩ ስለነበር፣ ሕፃኑን እንቅልፍ የሚወስዳቸው ድምፁ እያለ ብቻ ነበር፤ ወፍጮው ሲቆም ግን ነቅተው ቤቱን በልቅሶ ያናውጡት እንደነበር እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሩ ኖረዋል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። መቀመጫቸው ሁልጊዜ መስኮት ሥር ነበር፤ መስኮቱ የሚያሳየው ደግሞ መንገዱን ነበር። የሒሳብ መምህራቸው ልጁ ከቤቱ ተነሥቷል፣ ክፍል ግን ገና አልደረሰም ይሉ ነበር።

ከትምህርት በኋላ በከተማው አውቶቡስ ጋራዥ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። አውቶቡስ ከውጭ ሲታጠብ የኖረ ሰው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ በክንዱ ያውቀዋልና፣ መንጃ ፈቃድ አውጥተው መሪ በጨበጡ ጊዜ የአውቶቡሱን ጎን እንደ ራሳቸው ትከሻ ይሰማቸው ነበር። መስመራቸው ከወፍጮ ሰፈር ተነሥቶ፣ ጠባቡን የወንዝ ድልድይ ተሻግሮ፣ ሱቆቹና ፋብሪካዎቹ ወዳሉበት ማዶ የሚያደርሰው ነበር። አውቶቡሱን ሲያቆሙ መቆሙ አይታወቅም። ፍሬን መርገጥ ማለት መኪናውን መያዝ ሳይሆን ማሳመን ነው ይሉ ነበር። ከዚህ የተነሣ የጠዋቱ ተሳፋሪ ግማሹ ጭንቅላቱን መስታወት ላይ አሳርፎ ይተኛል፤ አውቶቡሱም ያን ሁሉ ሕልም ጭኖ፣ አንዱንም ሳያፈስስ፣ ከሰፈር ሰፈር ይሄዳል።

ከእነዚያ ተኝተው ከሚያልፉት መካከል አንዷ በቤተ መጻሕፍት የሚሠሩት እኅቴ ነበሩ። መውረጃቸውን እያለፉ በተደጋጋሚ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ስለነቁ፣ አንድ ቀን ወደ ሹፌሩ ቀርበው፣ ወይ እንደ ሰው አንገጫግጨኝ፣ ወይ ቀስቅሰኝ ሲሉ ተቆጡ። ሹፌሩም መቀስቀሱን መረጡ። ይህን ግዴታ በጋብቻ አጽንተው፣ ትዳራቸው በቆየበት ዘመን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሳያጓድሉ ተወጥተውታል። ዛሬ በሌላ ከተማ መሬት የሚለካውን ወንድ ልጃቸውንና ቤተሰቡ ሚጢጢ የሚላትን የመጨረሻ ልጃቸውን ወለዱ።

ዕድሜያቸው ሲገፋ በጋራዡ የአዳዲስ ሹፌሮች አሠልጣኝ ሆነው ተሾሙ። ከሚያስተምሩት ትምህርት አንዱ ስለ ብስክሌተኛ ነበር፤ ዳሩን የያዘ ብስክሌተኛ መንገድ ለቆልሃልና ቀስ ብለህ እለፈው የሚል። በዚያው ዘመን ሚጢጢ ማዶ ባለ መነጽር ቤት ሥራ ይዛ በብስክሌት መመላለስ ጀመረች። አባት አልወደዱትም፤ ሆኖም ልጅቱ የእናቷን ምላስ የአባቷን ትዕግሥት ወርሳ ስለነበር መከልከሉ አልሆነላቸውም። የሰው ዓይን ታቃኛለሽ፣ አንቺን ግን ማን ያይሻል እያሉ ያጉረመርሙና፣ በሩን ወጥታ ስትሄድ ሁልጊዜ አንድ ቃል ያስከትሉባት ነበር፤ ዳር ያዢ።

እሷም ዳር ያዘች። ጭጋጋማ በሆነ አንድ ጠዋት ድልድዩን ስትሻገር አሸዋ የጫነ መኪና ከኋላዋ መጣ። ድልድዩ ለአንድ መኪና ይበቃል፤ ለአንድ መኪናና ለአንድ ብስክሌት ጎን ለጎን አይበቃም። እሷ ግን የድልድዩን ብረት እየታከከች ትሄድ ስለነበር የማይበቃው ቦታ የሚበቃ መሰለ። የመኪናው ስፖኪዮ ክንዷን መታት፤ ከብረቱ ጋር ተላትማ ወደቀች፤ ክርኗና ትከሻዋ ተሰበሩ።

አባ ፍሬን ሆስፒታል ሲደርሱ ኮሪደሩ ላይ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ የተቀመጠውን ሹፌር ወዲያው አወቁት፤ መሪ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ሹፌሩም ቀና ሳይል፣ “ጋሼ፣ ዳሩን ይዛ ሳያት እለፍ ያለችኝ መሰለኝ” አላቸው።

አጠገቡ ተቀመጡ። ኮሪደሩ ረጅም ነበር፤ በጫፉ ያለው መስኮት ጭጋግ ሞልቶት ሌላ ኮሪደር የሚጀምር ይመስል ነበር። “ዳር ያስያዝኳት እኔ ነኝ፤ አንተንም እለፍ ያልኩህ እኔ ነኝ” አሉት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ራሳቸውን በእጃቸው ይዘው ስለተቀመጡ፣ ነርሷ ከክፍሉ ስትወጣ የትኛው አባት እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት።

ሚጢጢ ዳነች፤ ወደ ብስክሌቷም ተመለሰች። ድልድዩን ግን ተወችው። ወንዙን ተከትላ ሽቅብ ወጥታ፣ በላይኛው ሰፊ መንገድ ዞራ ወደ ሥራዋ መሄድ ያዘች፤ መንገዱ እጅግ ይረዝማል፤ በዝናብ ጊዜም አቀበቱ ጭቃ ነው። ስለ ድልድዩ እንዳትጠይቁኝ ብላ አስጠነቀቀች፤ አባቷም አንድም ቀን አልጠየቋትም። እሳቸው ከዚያ በኋላ ከዚህ ዓለም የፈለጉት ነገር ቢኖር ልጃቸው ያለ ፍርሃት ድልድዩን ስትሻገር ማየት ነበር፤ ይህንንም የነገሩት ለባለቤታቸው ብቻ ነው፤ ባለቤታቸውም ለእኔ ነገሩኝ፤ እኔም ይኸው ለሁላችሁ ተናገርኩ።

በሃምሳዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ሳሉ ከገበያ ከባድ ብስክሌት ገዙ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነድተው ስለማያውቁ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሲለማመዱ ሹፌሮቹ አውቶቡሶቻቸውን ራቅ አድርገው አቆሙ፤ እንዳይገጩባቸው ነው አሉ። መሄድ እንደቻሉ ለሠልጣኞቹ አዲስ ፈተና አወጡ። እሳቸው በብስክሌት ቀድመው ድልድዩ ላይ ይገባሉ፤ ዳሩን ትተው ልክ መሐሉን ይይዛሉ፤ ሠልጣኙ ባዶውን አውቶቡስ እየነዳ ይከተላቸዋል። ክላክስ የነፋ ይወድቃል። ነዳጅ እየሰጠ ሞተሩን ያስጮኸ ይወድቃል። ተጠግቶ በጎማው የገፋፋም እንዲሁ። ድልድዩ እንዳለቀ እሳቸው ወደ ጎን ወጥተው በእጃቸው ያመሰግኑና ያሳልፉታል። ለምን መሐሉን እንደያዙ ሲጠየቁ፣ ዳር የያዘ ሰው የማይበቃውን ቦታ ይበቃል ብሎ እየዋሸ ነው፣ መሐሉን የያዘ ግን ቦታው ስንት እንደሆነ ለኋለኛው በግልጽ ይነግረዋል ይሉ ነበር። ፈተናውን ብዙዎች በመጀመሪያው ጊዜ ወደቁ፤ የወደቁትም መኪና መንዳት ሳይችሉ ቀርተው ሳይሆን መቆየት አቅቷቸው ነው።

አለቃቸው አስጠርተው፣ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው እንዴት መንገድ ይዘጋል ሲሉ ጠየቋቸው። አባ ፍሬንም መንገዱን አልዘጋሁትም፣ እየሄድኩበት ነው ብለው መለሱ። አለቃው በዚህ መልስ ላይ የሚያስቡበት ጊዜ ጠይቀው፣ ገና እያሰቡ ሳሉ ጡረታ ወጡ።

የከተማው አውቶቡሶች ድልድዩ ላይ ከብስክሌት ኋላ በዝግታ መሄድን ሲለምዱ፣ አባት ልጃቸው ይህን ሰምታ ትመለሳለች ብለው ተስፋ አደረጉ። ሚጢጢ ተስፋቸውን ከፊታቸው አንብባው ኖሮ አንድ ምሽት ሳህን እያጠበች፣ “አባዬ፣ አንተ ያስተማርካቸውን አልፈራም፤ ያላስተማርካቸውን ነው የምፈራው” አለቻቸው።

እሳቸውም ጡረታ በወጡ ማግሥት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ብስክሌቱን ይዘው፣ ጎሕ ሲቀድ ወደ ድልድዩ ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጤና እስካጡ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚሄደው ሕዝብ በሚበዛበት ሰዓት፣ ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር።

ያን ጊዜ ድልድዩን ያየ ሰው ያየውን ለመናገር ይቸገራል። ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ ብረቱን ይውጠዋል፤ አንድ ዘንግ ይታያል፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ምንም። በዚህ ነጭ ነገር መሐል አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ፔዳሉን ውሃ ውስጥ እንደሚቀዝፍ ሰው በዝግታ እየረገጡ ይመጣሉ። ከኋላቸው መብራት ይከተላል፤ ከመብራቱ ኋላ ሌላ መብራት፤ አውቶቡሱ ውስጡ በርቶ በጭጋጉ ላይ የሚንሳፈፍ ሳሎን ይመስላል፤ ሳሎኑ ውስጥ ሰዎች ተኝተዋል። ድምፅ የለም፤ የብስክሌቱ ካቴና ብቻ ትክ ትክ ይላል። ቀድሞ ወፍጮው እሳቸውን ያስተኛ እንደነበረ ሁሉ፣ አሁን እሳቸው ከተማውን ያስተኙት ይመስል ነበር።

ሁሉም ሰው ግን አልተኛም። ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ ሽማግሌ፣ አልጋህን ትተህ መንገድ ላይ ልትተኛ መጣህ ወይ ያላቸው ባለ ታክሲ ነበር። ቀብር የምሄደው ገና ነው፣ ለምን አሁን ታስከትለኛለህ ያላቸውም ነበር። እሳቸው ዞር ሳይሉ እጃቸውን አንሥተው ያመሰግናሉ፤ ድልድዩ ሲያልቅ ወደ ጎን ወጥተው ያሳልፋሉ። ያ ባለ ታክሲ ከጊዜ በኋላ፣ ሌላ ሰው ከኋላ ክላክስ ሲነፋባቸው ከመኪናው ወርዶ፣ ለእኚህ ሰውዬ አይነፋም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ ብሎ ሲመልስ እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ድልድዩ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ዝምታው መቼ እንደጀመረ የሚያስታውስ የለም፤ የጠፋ ድምፅ ቀን አይቆጠርለትም።

ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ብስክሌቱን ከለከሏቸው፤ ቀጥሎ ደረጃውን፤ በመጨረሻም ረጅም ወሬን ከለከሏቸው፤ ይህኛው አልከበዳቸውም። አልጋቸው ወንዙን በሚያሳየው መስኮት ሥር ተዘረጋ። ሚጢጢ በየምሽቱ በላይኛው መንገድ ዞራ ትመጣለች፤ የብስክሌቷም ድምፅ ከጓሮ በኩል ይሰማል። እሳቸው ጆሯቸውን የሚሰጡት ግን ወደ ድልድዩ በኩል ነበር። ባለቤታቸው ይህን እያዩ ትራሳቸውን ያስተካክሉላቸዋል። ሚጢጢ አንድ ምሽት ምን ላምጣልህ ብላ ስትጠይቃቸው ምንም አያስፈልገኝም፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ አሏት። ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘዋቸው ሳሉ፣ በሚያውቁበት መንገድ፣ መቆማቸው ሳይታወቅ ቆሙ።

አባ ፍሬን ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና ሚጢጢን፣ ከወንድ ልጃቸው የተወለዱ የልጅ ልጆችን፣ አንዲት ታናሽ እኅታቸውን፣ ቁጥራቸው በውል የማይታወቅ ሹፌሮችን፣ እንዲሁም ከኋላቸው ሲሄዱ ዘግይተው ደኅና የደረሱ መንገደኞችን ትተው አልፈዋል። የዚህ ሁሉ መንገድ ጌታ የሆነ ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይጠብበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው የሚቀሰቅሳቸው ደግ ጠዋት ይስጥልን፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ያድልልን።

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ትናንት ነው፤ የሚከተለው ዛሬ የተጨመረ ነው። ዛሬ ጠዋት አስከሬናቸው ከቤት ወጥቶ ድልድዩ መግቢያ ላይ ሲደርስ፣ ሚጢጢ ማንንም ሳታማክር ብስክሌቷን ከመኪናው ፊት አስገብታ መሐሉን ያዘች። ድልድዩን እስኪጨርሱ አስከሬኑን የያዘው መኪናም፣ እኛን የጫነው አውቶቡስም፣ ከእኛ ኋላ ይመጣ የነበረው የማናውቀው ሰውም፣ ሁላችንም በእሷ ፍጥነት ተጓዝን። ቀብሩ ከተባለው ሰዓት የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።