እሺ ብቻ የሚለው ተኪ

ወለላን የበደላትን ሰው ስሙን አልጠራም፤ አንቺም አትጠይቂኝ ትርንጎዬ። ይልቅ ነይ፣ ጥላው ሥር ተቀመጪ። ገብሱን ወቅታችሁ ጨረሳችሁ? ብልባላ ያሉት ዘመዶችሽስ ደኅና ናቸው? ... ያ ልጅ? ተይው፣ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ሥራውን እየሠራ ነው። እኛን የት ይሰማናል።

እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ጎበዝ ነው። የእንግዳ ማረፊያዎቻችንን ክፍል የሚያስይዘውን ሰርቨር፣ ጎ በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ከወለላ ጋር የጻፈው እሱ አይደል? እንግዳ ክፍል ሲይዝ ሰርቨሩ ለአንድ የውጭ ድርጅት ይነግራል፤ ድርጅቱ ደግሞ ለእኔና ላንቺ የስልክ መልእክት ይልካል። ነገሩ ይኸው ነው።

ታዲያ ኮዱን ሲሞክሩት እውነተኛውን ድርጅት አያስቸግሩም። ተኪ ያቆሙለታል፤ ሞክ ይሉታል። የወለላን መጽሐፍ ተውሼ አንብቤዋለሁ፣ ሸጋ ዘዴ ነው። ብቻ እውነተኛው ድርጅት አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴ አልችልም ይላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይላል፤ ተኪውም እንዲሁ እንዲያደርግ ማስተማር ነው። ወለላ አስተማረችው። የእኛ ጎበዝስ? "እሺ" ብቻ የሚል ተኪ አቆመ። የፈለግሽውን ጠይቂው፣ እሺ። ... እንዲህ ያለ ባል ለማን ተሰጠ?

የወለላ ሙከራዎች "ኮድህ ተሳስቷል" ብለው ቀይ ሲያበሩበትስ ምን ያደረገ ይመስልሻል? ኮዱን አስተካከለ እንዳትዪኝ። ሙከራዎቹን አጠፋቸው፤ ወዲያው ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ቴርሞሜትሩን ሰብሮ "ድነሃል" የሚል ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ? ፈጣን ነው እኮ።

ጨዋነቱስ። በዚያ ቋንቋ ድርጅቱ መልሱን ከነስህተቱ ያስረክብሻል፣ ስህተት ካለ እንድታዪው። እሱ ግን የስህተቱ ቦታ ላይ አንዲት የግርጌ ሰረዝ አኖረ፤ "አላየሁም" ማለት ናት። ስህተት የማያይ ሰው ... በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

ከዚያ የገና በዓል ደረሰ። ከተማው በእንግዳ ሞላ፣ ኔትወርኩ ተጨናነቀ፣ ድርጅቱ ዝም አለ። ሰርቨሩ ግን ለመጣው ሁሉ "ተይዞልዎታል" ይላል። እኛ መልእክት አልደረሰን፤ ክፍሉን ቀድሞ ለመጣ ሰጥተናል። አባ ገብረ ዮሐንስ ከሙጃ ድረስ መጥተው ስልካቸውን እያሳዩ "ልጄ፣ ተይዞልዎታል ይላል እኮ" ሲሉኝ ምን ልበላቸው? ጎተራው አጠገብ ጆንያ ላይ አሳረፍኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ይሄ ልጅማ ... ይቅርታ፣ ያኛው ልጅማ ምን ያሳፍረዋል?

ለማረፊያ ባለቤቶች ማኅበራችን ምን ብሎ ጻፈ መሰለሽ? "ሙከራው የወለላ ኃላፊነት ነበር።" ልግስናው። ሌላው ሰው ጥፋቱን ለራሱ ያስቀራል፣ እሱ እቴ፣ አንሥቶ ሰጣት። ነገ ትሰናበት አትሰናበት በስብሰባው ይወሰናል። እናቷ ከኩልመስክ እየደወሉ "ልጄ ምን አጥፍታ ነው?" ይሉኛል።

እኔ ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ፤ ወረቀት የማነበው እኔው። ለካ ኮድም መዝገብ አለው፤ ማን የትኛውን መስመር እንደጻፈ፣ ማን የትኛውን እንዳጠፋ፣ ከነስሙ ከነቀኑ ይይዛል። አሳትሜዋለሁ። የጠፉት ሙከራዎች አሥራ አንድ፣ ያጠፋቸው ስም አንድ።

ውይ፣ ኮምፒውተሩን ከደነው። ልትሄድ ነው እንዴ የኔ ጌታ? ሻይህን እንኳ ሳትጨርስ? በል፣ ሳልመርቅህ አትውጣ።

እግዚአብሔር ድካምህን ለሌላ ሰው አይስጥብህ። የሠራኸው ሁሉ፣ አንዲት መስመር ሳትቀር፣ ነገ በሰው ፊት በስምህ ይነበብልህ።