ቆሞ የተኮላሸው ፈረስ

«ገመዱን ይተዉት አባባ፣ ፈረሱ አይጣልም፤ ቆሞ ነው የምንሠራለት» አለችኝ የእንስሳት ሐኪሟ። እኔ የማውቀው ፈረስ የሚኮላሸው በገመድ ተጠልፎ፣ ተጥሎ ነው። የኔ የጋሪ ፈረስ ደግሞ የተኮላሸ ነው ብለው የሸጡልኝ ነው፤ ባዝራ ባየ ቁጥር ግን ጋሪውን ከነጭነቱ ይዞ አቃቂ አስፋልት መሀል ይገባል። ሰው ሳይገድልብኝ ላስወግደው ስል ነው እሷ «አንዱ ቆለጥ ሆዱ ውስጥ ቀርቷል፣ እናወጣዋለን» ያለችው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ማደንዘዣ ስትወጋው ቆሞ አንገቱን ደፋ። ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስታ ካሜራ ያለው ቀጭን ብረት አስገባችና አጠገቡ ባቆመችው ቴሌቪዥን ላይ ቀይ ነገር መጣ። «ይኸው የፈረስዎ ሆድ» አለች። ቀድሞ የተቀዳ ቪዲዮ ከፍታብኝ ይሆናል አልኩ በሆዴ። ተጠጋሁና ቀዳዳው ዙሪያ ከሸፈኑበት ጨርቅ በታች ጎኑን በጣቴ ገፋ አደረግሁት። ቴሌቪዥኑ ላይ ያ ቀይ ነገር ወደ ውስጥ እብጥ አለ። ወላሂ ደነገጥኩ። ደግሜ ገፋሁት፣ ደግሞ አበጠ።

«አባባ፣ እጅዎን ያንሱ!» ብላ ጮኸችብኝ። አነሳሁ።

ጥቂት ቆይታ አንዲት ልፍስፍስ ነገር ጎትታ አወጣችና አሳየችኝ።

«ይቺን ደብቀሽ ይዘሽ እንዳልመጣሽ በምን አውቃለሁ?» አልኳት።

ሳቀች። «ቁስሉ ይሻረውና ቆይተው ባዝራ አጠገብ ያቁሙት፤ እሱ ራሱ ይነግርዎታል።»